«ስርጭቱ ጨምሯል» ሲባል ምን ጨመረ ማለት ነው?

ጭረት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንጀት ብግነት በሽታ ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። «በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ በየዓመቱ የሚገኙት አዳዲስ ታማሚዎች ቁጥር ረግቷል፤ የበሽታው ስርጭት ግን እየጨመረ ነው።» ከረጋ እንዴት ይጨምራል? ከሰው ወደ ሰው ይዛመታል ማለት ነው?

ድርሳን፦ አይዛመትም ልጄ። ሁለቱ ዋና ዋና የአንጀት ብግነት ዓይነቶች፣ ክሮንም ሆነ አልሰራቲቭ ኮላይተስ፣ ተላላፊ አይደሉም። ያሳሳተሽ ቃሉ ነው። «ተሰራጨ» የሚባለው ዜና ነው፣ ሽታ ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚደርስ ነገር። እዚህ የተፈለገው ግን በአንድ ወቅት በሽታው ያለበት ሰው ከሕዝቡ ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። «ነባር» ቢባል ይሻላል። በግእዝ «ነበረ» ተቀመጠ ነው፤ «መንበር»ም የወጣው ከዚያው ነው።

ሰዋስው፦ መምህር፣ ሥሩ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን በአማርኛ «ነባር» ሲባል «አዲስ» የሚለው ከጎኑ ይቆማል። በዚህ ቆጠራ ደግሞ ትናንት የታወቀበትም ሰው ይገባል። ነባር ካልነው አስወጣነው።

ድርሳን፦ ትናንት የተቀመጠም ተቀምጧል።

ሰዋስው፦ በግእዝ አዎ። የምንጽፈው ግን በአማርኛ ነው።

ቀመር፦ የጭረት ጥያቄ እንዳይረሳ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፣ አብዛኛውን ታማሚ ግን ቶሎ አይገድልም። በ20 ዓመቷ የታወቀባት ሴት በ60 ዓመቷም ትቆጠራለች። በየዓመቱ የሚገባው ያው ቢሆን እንኳ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ድምሩ ያድጋል። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 3.7 ሚሊዮን ይገመት የነበረው በ2017 ወደ 6.8 ሚሊዮን ደርሷል። ለዚህ እኔ «ክምችት» እላለሁ።

ሰዋስው፦ ክምችትማ የመጋዘን ነው። ሰው አይከማችም።

ንባብ፦ «ስርጭት»ን ቶሎ አትጣሉት። እስያና ላቲን አሜሪካ ላይ በትክክል ይሠራል። ከተሜነትና ኢንዱስትሪ ሲስፋፉ፣ ቀድሞ እምብዛም ያልነበረባቸው አገሮች አሁን አዳዲስ ታማሚ በፍጥነት እያገኙ ነው። ብዙ ጊዜ አልሰራቲቭ ኮላይተስ ይቀድማል፣ ክሮን ይከተላል። በሽታው ከማይበዛበት አገር ሄደው በሚበዛበት የሰፈሩ ሰዎች ልጆችም፣ እዚያው ከተወለዱ፣ አደጋቸው ወደ አገሬው ሰው ይጠጋል። ነገሩ የዘር ብቻ አይደለም፤ የአኗኗር እጅ አለበት። እኔን የሚከነክነኝ ግን «ብግነት» ነው። «በገነ» እኮ ተናደደ ነው! ታማሚውን «በንዴት ያመጣኸው ነው» ያሰኝበታል።

ድርሳን፦ «መቆጣት» ብትይውም ከቁጣ አታመልጪም። እዚህ ላይ የተቆጣው ሰውየው አይደለም፤ የገዛ አንጀቱን የሚያጠቃው የሰውነቱ መከላከያ ነው። ቃሉ ልክ ነው።

ንባብ፦ ለእርስዎ ልክ ነው። ታማሚው ግን ይህን ማብራሪያ ይዞ አይዞርም።

ቀመር፦ «ክሮን»ስ?

ድርሳን፦ እሱ ላይ ሥር አትፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1932 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሽታውን በጽሑፍ የገለጸው የኒውዮርክ ሐኪም ስም ነው።

ጭረት፦ እሺ፣ እንዲህ ብጽፈውስ? «አዳዲስ ታማሚዎች የሚገኙበት ፍጥነት ረግቷል፤ ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ቁጥር ግን እያደገ ነው።»

ቀመር፦ በቃ፣ ይሄ ነው።

ድርሳን፦ «ኖረ» ራሱ ከ«ነበረ» የወጣ ነው። ወደ እኔው ቃል ተመለሳችሁ።

ሰዋስው፦ የቃላቱ ሥር አንድ ነው መምህር። ግን «የሚኖሩ» ትናንት የታመመውንም ይይዛል፤ «ነባር» አይይዝም።

ድርሳን፦ ይይዛል እንጂ! ማታ በሰፊው እጽፍበታለሁ።