የጁዶ ልምምድ ላይ የሚሠራው ሴዮ ናጌ ውድድር ላይ ለምን እምቢ ይለኛል?

የናታኒያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት እስራኤል፣ ናታኒያ ነው። ከ52 ኪሎ በታች እጋጠማለሁ፣ ቡናማ ቀበቶ አለኝ። ክለብ ውስጥ በሴዮ ናጌ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ወደ ፊት በመወርወር፣ ያልጣልኳት ልጅ የለችም። ውድድር ላይ ግን እጅጌዬን ጨምድደው ሲይዙኝ ምንም መሥራት አልችልም፣ ሺዶ (የዳኛ ቅጣት) ይቆጠርብኛል። አራቱ ደቂቃ በእኩል አልቆ ጎልደን ስኮር፣ ማለትም ተጨማሪው ሰዓት ሲገባማ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። አሰልጣኜ «አትፍሪ» ይለኛል። እንዴት ነው የማይፈራው?

ጥቁር ቀበቶ፦
እህቴ፣ ፍርሃቱን ለጊዜው እንተወውና አያያዝሽን እንይ። ኡቺ ኮሚ (ሳይጥሉ አገባቡን ደጋግሞ መለማመድ) ስትሠሪ ጓደኛሽ ዝም ብላ ትቆምልሻለች። ውድድር ላይ እንደዚያ የሚቆም የለም። እኔ የማሰለጥናቸውን ልጆች እጅጌያቸው እንደተያዘ ነው የማስጀምራቸው። መጣል የለም፣ ማስለቀቅ ብቻ። ወገብሽን አዙረሽ በመላ ሰውነትሽ መንጭቂው፤ በክንድ ብቻ አይለቅም። እንደተለቀቀ ቀድመሽ ያዢ።

ሌላው፣ ሴዮ ናጌ የሚገባው ተጋጣሚሽ ወደ ፊት ስትመጣ ነው። ቀጥ ብላ ከቆመች ትሸከሚያታለሽ እንጂ አትጥያትም። በኦ ኡቺ ጋሪ እግሯን ከውስጥ ጥለፊያት። ላለመውደቅ ወደ ፊት ስትመለስ፣ ያኔ ግቢ።

ለጎልደን ስኮሩ፣ ራንዶሪው (የልምምድ ግጥሚያው) አልቆ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ «ሁለት ሁለት ሺዶ አለብን» ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። ሦስተኛው ሺዶ ያስሸንፍሻል፤ ያንን ጭንቀት ክለብ ውስጥ ልመጂው።

«አትፍሪ» የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም። ኡታ አቤ ያንቺው ክብደት ናት። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆና ፓሪስ 2024 ላይ ገና በሁለተኛው ዙር በኡዝቤኪስታኗ ዲዮራ ኬልዲዮሮቫ በኢፖን፣ ግጥሚያውን ወዲያው በሚጨርሰው ሙሉ ነጥብ ወደቀች። አዳራሹ ሁሉ እየሰማ ነው ያለቀሰችው። ያንን ለቅሶ ድክመት ነው የሚሉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። በ2025 ቡዳፔስት ላይ ተመልሳ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ሚዛን፦
አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለሚዛን ብለሽ ውሃ ታቆሚያለሽ? እኔ ሳቆም መጨረሻ ላይ እጄ አይጨብጥም ነበር። ከፍ ወዳለው ክብደት፣ ወደ 57 ስገባ ነው የተሻለኝ። አሰልጣኝሽን አማክሪ።

የናታኒያዋ፦
አዎ፣ አቆማለሁ። ከእሱ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር፣ ዛሬውኑ ለአሰልጣኜ አነሳዋለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግራ እጅ ተጋጣሚ ሲገጥመኝስ ምን ይመክሩኛል? ኮሌታዋን ልይዝ ስል ክንዷ ይዘጋብኛል።

ጥቁር ቀበቶ፦
ክንድሽ ከክንዷ በውስጥ በኩል ይግባ፤ የግራ ተጋጣሚ ትግሉ እዚያ ላይ ነው። እምቢ ካለሽ ኮሌታውን ተዪው። በግራ እጅሽ የቀኝ እጅጌዋን ካገኘሽ ለኢፖን ሴዮ ናጌ (በአንድ ክንድ ለሚሠራው ሴዮ ናጌ) ይበቃሻል፣ እሱ ኮሌታ አይፈልግም። ግን እጅጌውን ሳትይዢ እንዳትዞሪ፣ ጀርባሽን ሰጠሻት ማለት ነው። የግጥሚያሽ ቪዲዮ ካለ እዚህ ለጥፊው፣ እግርሽ የት እንደሚያርፍ ልይልሽ።