የዕቅድ ውይይት፦ የዕቃ ቫኖቻችን ከሾፌሩ ጀርባ መከለያ ይገጠምላቸው?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተስማማነው ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው። ዕቃ የሚጭን የአባል ቫን ሁሉ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የብረት መከለያ ይግጠም። ወጪውን ማኅበሩ ያበድር፣ አባሉ በየወሩ ይመልስ። አብዛኞቻችን የምንነዳው ወንበሩ የተነሳ ዶልፊን፣ አባዱላ ወይም ዳማስ ነው። ከጀርባችን ያለው ባዶ ወለል ብቻ ነው። ሲሚንቶውም፣ ሴራሚኩም፣ የጋዝ ሲሊንደሩም እዚያ ላይ ይጫናል። ያልተመቻችሁን ጻፉ፤ ለጉባኤ የሚቀርበው የሁላችንም ጽሑፍ ነው።

ባለ ዳማሱ፣ ከመርካቶ፦
አልቃወምም፣ ግን እንነጋገር። መርካቶ ውስጥ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር የሞላለት ሾፌር ዕድለኛ ነው። ለሃያ ኪሎ ሜትር ብረት ተሸክሜ ልዙር? የዳማስ አቅም ደግሞ ይታወቃል። መከለያው በከበደ ቁጥር የምጭነው ይቀንሳል። ደንበኛ የሚከፍለኝ ለዕቃው ነው እንጂ ለመከለያው አይደለም።

መካኒኩ፣ ከቴክኒክ ኮሚቴ፦
ወንድሜ፣ ፍጥነት ካነሳህ ሒሳቡን ላስቀምጥልህ። በ50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ መኪናህ ተጋጭቶ ቢቆም፣ ያልታሰረው ዕቃ በዚያው በ50 ይቀጥላል። ይህ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የወደቀ ዕቃ የሚኖረው ፍጥነት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ በለው። በ30 ከሆነ ከ3 ሜትር ተኩል፣ በአንተ ሃያ ደግሞ ከ1 ሜትር ተኩል። ከ1 ሜትር ተኩል የሴራሚክ ካርቶን ማጅራትህ ላይ ቢወድቅ ትችለዋለህ? ደግሞ መርካቶ ብቻ አትውልም፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አይቼሃለሁ። እዚያ በ100 ስትበር ከፍታው ወደ 40 ሜትር ይጠጋል። ቀበቶ አንተን ይይዝሃል፤ ከኋላ የሚመጣውን አያቆምልህም።

ነባር አባል፣ የጎጃም መስመር፦
ልጆቼ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ከግጭቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ነው የሚሄደው። በየመታጠፊያው ፍሬን ስትነኩ ዕቃው ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይመጣል። አንድ ጊዜ ቧንቧ ጭኜ ጫፉ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አልፎ ማርሹ ሥር ገባ። ማርሽ መቀነስ አቃተኝ፤ በዚያ ቁልቁለት ምን ማለት እንደሆነ የወረደበት ያውቀዋል። ስለዚህ መከለያው መሃሉ ክፍት እንዳይሆን። ረጅም ዕቃ ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰር።

የአባዱላዋ ባለቤት፦
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሾፌሩ ነው። ረዳቶቻችን የት ነው የሚቀመጡት? ጭነቱ ላይ! ሁለት ልጆች ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው ከሳሪስ ሰሚት ድረስ ይሄዳሉ፣ ሁላችንም እናውቃለን። መከለያ ስንገጥም እኛ ከብረቱ ወዲህ እንሆናለን፣ እነሱ ከጭነቱ ጋር ወዲያ ይቀራሉ። ፍሬን ሲያዝ በፊታቸው ብረት፣ በጀርባቸው ዕቃ። ለእኛ ደህንነት ብለን የእነሱን አደጋ ልናብስ ነው። ረቂቁ ይህን ካልመለሰ ድምፄን አልሰጥም።

ባለ ዳማሱ፦
እህቴ፣ ታዲያ ረዳቴን በታክሲ ልላከው?

የአባዱላዋ ባለቤት፦
ጋቢና ወንበር አለህ አይደል? አንድ ረዳት እዚያ ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ያስራል። ሁለት ካስፈለጉ ሁለተኛው ረድፍ ወንበር ይመለስና መከለያው ከእሱ ጀርባ ይሁን። ቦታ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ አንድ ዙር ሊጨምርብኝ ይችላል። ግን ከመከለያው ወዲያ ሰው አይቀመጥም፣ ለአጭር መንገድም ቢሆን። «እዚህች ድረስ ነው» የምንላት ነገር ናት የምታስቸግረን።

ነባር አባል፦
ልክ ነሽ ልጄ። ይህ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ።

መካኒኩ፦
እስማማለሁ። አሁን ስለ አሠራሩ። በዶልፊንም በአባዱላም በዳማስም ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ለጥገና ወንበሩ ይነሳል። መከለያውን ወንበሩ ላይ ለጥፈን ብንበይደው፣ ሞተር በተነካ ቁጥር መከለያ ልንቆርጥ ነው። ስለዚህ ለወንበሩ መነሻ ቦታ ይተው፣ ብየዳው ቀርቶ በብሎን ይታሰር። ብየዳ የቦዲውን ቀለም ያቃጥላል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። ስስ ቦዲ ላይ የታሰረ ብሎን ደግሞ ተቀዶ ይወጣል። የተነሳው የኋላ ወንበር ታስሮባቸው የነበሩት የፋብሪካ ቀዳዳዎች ጠንካራ ናቸው፤ እነሱን እንጠቀም። አዲስ ቀዳዳ ግድ ከሆነ ሰፊ ሮንዴላ ከሥሩ ይግባ።

ፍሬሙ ቱቦላሬ፣ ከወገብ በታች ላሜራ፣ ከላይ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይሁን። ወንፊቱ የኋላውን ለማየት ያስችላል፣ ክብደትም ይቀንሳል፤ ለዳማስ ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ዕቃ እንዳያልፍበት ዓይኑ ጠባብ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ ቫን የሚመጡ አባላት አሉን። የብዙዎቹ ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው። በድሪል ወለል የሚበሳባቸው እንዳይኖር፣ መጀመሪያ አስመጪው ይጠየቅ።

ደግሞም መከለያ ገመድን አይተካም። አይኤስኦ 27956 የሚባለው የዕቃ ቫን ደረጃ መከለያንና የማሰሪያ ነጥቦችን አብሮ ነው የሚያየው። የአውሮፓው የጭነት ማሰሪያ ደረጃ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ዕቃው የክብደቱን 0.8 እጥፍ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት እንደሚገፋ ይቆጥራል። 500 ኪሎ ከጫንክ የ400 ኪሎ ግፊት ነው። በግጭት ጊዜ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ወለሉ ላይ የማሰሪያ ቀለበት፣ ከባዱ ዕቃ ከታች መከለያው ሥር፣ ሲሊንደር ቆሞና ታስሮ።

ሊቀመንበሩ፦
ጥሩ ሄዳችኋል። ብረት ከመግዛታችን በፊት ግን ለአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ደብዳቤ እንጻፍ። ለዓመታዊ ምርመራ ስንቀርብ «ይሄ ምንድን ነው? ፍቱት» ከተባልን ገንዘቡን ውኃ በላው። ወንበር የሚመልሱትም ሊብሬው ላይ ያለውን የሰው ቁጥር ይዩ። ኢንሹራንሶቹንም በዚያው እንጠይቃለን። የብድሩን ነገር ሒሳብ ሹሙ ከሦስት ጋራዥ ዋጋ ሲያመጣ እንየው፤ አሁን በግምት አንከራከር።

ባለ ዳማሱ፦
ወንፊቱ ካለበት እኔም አለሁበት። ግን አንድ ጥያቄ፦ ጋቢና ያለው ወንበር ለረዳት ከሆነ፣ «ከዕቃዬ ጋር ካልሄድኩ» የሚል ደንበኛስ?

የአባዱላዋ ባለቤት፦
በራሱ መንገድ ይምጣ። ለደንበኛ የምንሰጠው ደረሰኝ ላይ እንጻፈው፤ «ማኅበሩ ነው የከለከለው» ማለት ለሾፌሩም ይቀለዋል።

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ የተሻሻለው ይኸው፦ «ከጭነቱ ጋር ሰው አይጓዝም፤ ረዳት ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ ብቻ ይቀመጣል። በዚህ የተስማማ አባል ቫኑ ላይ በብሎን የሚታሰር መከለያና የወለል ማሰሪያ ቀለበቶች በማኅበሩ ብድር ይገጥማል። ሥራው የሚጀመረው የባለሥልጣኑ መልስ ከመጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ በአንድ ዳማስና በአንድ አባዱላ ተሞክሮ ቴክኒክ ኮሚቴው ያየዋል።» የኤሌክትሪኮቹ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ደብዳቤውን ነገ አዘጋጃለሁ። የሙከራ መኪና ማን ይሰጣል?

የአባዱላዋ ባለቤት፦
የእኔ ትሁን። ሁለተኛውን ረድፍ ወንበር ከመጋዘን አወጣለሁ።

ባለ ዳማሱ፦
ዳማሱን እኔ አመጣለሁ። ሐሙስ ግን አይሆንም፣ ጭነት አለኝ።