ለኩቦታ ትራክተር የሚሆን ጠንካራ ትሬለር ልገዛ ነው፣ 7000 ፓውንድ ይበቃኛል?

የጎመኑ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት እኔና የአጎቴ ልጅ ከከልፔፐር ወጣ ብሎ ስድስት ኤከር ገዝተን ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ እያመረትን አሌክሳንድሪያ ላሉ የሐበሻ ሱቆች እናስረክባለን። ዘንድሮ ደግሞ 35 ማይል ርቀት ላይ ሌላ አራት ኤከር ተከራየን። ትራክተራችን ግን አንድ ነው። ያገለገለ ኩቦታ ኤል2501፣ የፊት ሎደር አለው፣ ከኋላው አንዳንዴ ሳር ማጨጃ አንዳንዴ ቲለር (አፈር መፈርፈሪያ) እንቀጥልበታለን። እስካሁን ሰው ከፍለን ነበር የምናስጭነው። በአንድ ጉዞ 250 ዶላር፣ ያውም ሰውዬው ሲመቸው ነው የሚመጣው። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ ሲለሰልስ እሱ ስልክ አያነሳም።

አሁን አንድ ያገለገለ ትሬለር አገኘሁ። 16 ጫማ፣ ባለ ሁለት አክስል፣ ሰሌዳው ላይ 7000 ፓውንድ ይላል። 2800 ዶላር ነው የሚሉት። ትራክተሩ በማኑዋሉ 2600 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ እንዲያውም ይተርፋል ብዬ ነው። የምጎትትበት መኪና 2017 ታኮማ፣ ቪ6። ልግዛ ወይስ ልተው? ስለ ትሬለር የማውቀው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ እንዳትስቁብኝ።

አያ ሹፌሩ፦

ማንም አይስቅብህም፣ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። 7000 ማለት የሚሸከመው 7000 ነው ማለት አይደለም። የትሬለሩ የራሱ ክብደት እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። እንደዚያ ዓይነቱ ባዶውን 2000 ፓውንድ አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ የቀረህ 5000 ነው።

አሁን ጭነቱን እንደምር። ትራክተሩ 2600 ያልከው ባዶውን ነው። ሎደሩና ባልዲው ወደ 900 ይጨምራል። ባለ አምስት ጫማ ማጨጃ ከሆነ 600 በለው። 4100 ደረስን። አሁን ውጣና የኋላ ጎማዎቹን እይ፣ ውስጣቸው ፈሳሽ ተሞልቶ ይሆን? ብዙ ያገለገለ ትራክተር ሎደር ካለው እንዳይገለበጥ ተብሎ ጎማው ይሞላል። ከተሞላ ሁለቱ ጎማ ብቻ በድምሩ ከ600 እስከ 700 ፓውንድ ይጨምርልሃል። አየህ፣ "2600" ያልከው ትራክተር 4800 ሊገባ ነው። ሰንሰለቱ፣ የናፍጣ ጀሪካኑ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ገና አልተቆጠረም።

እኔ ብሆን 7000ውን አልነካውም።

የጎመኑ ልጅ፦

ኧረ አያ፣ ጎማ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን እንዴት ነው የማውቀው? ሻጩ ምንም አላለኝም።

አያ ሹፌሩ፦

ቀላል ነው። ቫልቩ ወደ ታች እንዲሆን ትራክተሩን ትንሽ አንቀሳቅሰውና ጫን አድርገው። አየር ብቻ ከወጣ ባዶ ነው፣ ፈሳሽ ፊትህ ላይ ከረጨህ ሞልቷል። ፊትህን ዘወር አድርግ፣ አንዳንዱ የጨው ውህድ ስለሆነ ዓይን ያቃጥላል፣ ብረትም ይበላል።

ዳላስ 77፦

እኔ ደግሞ አልስማማም። 7000ውን አምስት ዓመት ተጠቀምኩበት፣ ከኩቦታ የማያንስ ትራክተር ነው የምጭነው፣ ምንም አልሆንኩም። ሰው ሁሉ ገንዘብ እንድታወጣ ነው የሚመክርህ። ማጨጃውን ፍታና በሌላ ጊዜ ውሰደው፣ አለቀ።

ብየዳው፦

ዳላስ፣ ቴክሳስ ሜዳ ነው ወንድሜ። እሱ ያለበት አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ያውም ባለ አንድ መስመር መንገድ። ማጨጃውን ለብቻ መውሰድ ማለት ደግሞ ሁለት ጊዜ 70 ማይል ደርሶ መልስ ነው። ትሬለር የሚገዛው ጉዞ ለመቀነስ አይደለም እንዴ?

እኔ ሥራዬ ብየዳ ነው፣ በሳምንት አንድ ሁለት የተሰበረ ትሬለር ይመጣልኛል። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ቀላሉ፣ ከአንግል ብረት የተሠራው ነው። አንግል ብረት ለሳር ማጨጃና ለሞተር ሳይክል ጥሩ ነው። ለትራክተር ግን ሻንሲው ሲ ቻናል (የC ቅርጽ ያለው ብረት) ይሁን፣ ከፊት የሚወጣው መጎተቻውም ያው ሲ ቻናል ሆኖ ወደ ኋላ ከሥር የተጠመዘዘ ይሁን፣ ጫፉ ላይ ብቻ ተለጥፎ የቀረ እንዳይሆን። ከወለሉ ሥር ያሉትን ተሻጋሪ ብረቶች በሜትር ለካ። በ16 ኢንች ልዩነት ከሆኑ ጥሩ ነው፣ በ24 ከሆነ የትራክተር ጎማ ጣውላውን መሃል ላይ ያጎብጠዋል።

ያገለገለ ከሆነ ከሥሩ ግባ። መብራት ያዝ። ባሌስትራው ሻንሲው ላይ የሚንጠለጠልበትን ብየዳ እይ። ስንጥቅ ካለ ቀጭን የዝገት መስመር ሆኖ ነው የሚታየው፣ እንደ ፀጉር። ከቀለሙ ሥር ይወጣል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ትሬለር ካየህ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ለምን ተቀባ" ነው። ጣውላውን በዊንዲቨር ውጋው፣ ከሰመጠ በስብሷል።

ፍየል ጠባቂዋ (ኦሃዮ)፦

እኔም ልጨምር፣ ከብየዳው ጋር እስማማለሁ ግን ርዝመቱን ማንም አልነካውም። ጎመኑ ልጅ፣ ሜትር ይዘህ ከባልዲው ጫፍ እስከ ማጨጃው ጭራ ለካ። እኛ ስንገዛ 16 ጫማ ይበቃል ተብለን ገዝተን ማጨጃው ከኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ እንዲገባ ብለን ትራክተሩን ወደፊት ስንገፋው ሂቹ (ትሬለሩ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ላይ የሚያርፈው ክብደት በዛ፣ የመኪናው አፍንጫ ወደ ሰማይ ሆነ። ወደ ኋላ ስንመልሰው ደግሞ የባሰ። ባለቤቴ በ55 ማይል ሲነዳ ትሬለሩ እንደ ዓሣ ጭራ ግራና ቀኝ ይወራጭ ጀመር። ፍሬን ልርገጥ ሲል ጮህኩበት። ጋዙን ለቀቀ፣ ቀስ እያለ ቆመ። እጄ ለአንድ ሰዓት ተንቀጠቀጠ።

ሌላም አለ። ትራክተሩ መወጣጫው ላይ ሲወጣ የትሬለሩ ጭራ ወደ ታች ይጫናል፣ የመኪናህን የኋላ ጎማ ከመሬት ያነሳዋል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው ደግሞ የኋላ ጎማን ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ከሆንክ መኪናው፣ ትሬለሩና ትራክተሩ ተያይዘው ይሄዳሉ። የእኛ ጎረቤት ላይ ደርሷል፣ አጥር ነው ያቆመው። ሜዳ ላይ ጫን፣ የመኪናውን የፊት ጎማም በእንጨት ደግፍ፣ ከትሬለሩ ጭራ ሥርም ጠንካራ ግንድ አስገባ።

አያ ሹፌሩ፦

የኔ እህት ሁሉንም ተናገረችው። ደንቡን ልጨምር፦ የጭነቱም የትሬለሩም ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 ከመቶው ሂቹ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ይወራጫል፣ ከበዛ መኪናህ አይታዘዝህም።

ስለ ታኮማው እውነቱን ልንገርህ፣ አይሆንም። የዚያን ዓመት ቪ6 ታኮማ መጎተቻ ፓኬጅ ቢኖረው እንኳ ከ6400 እስከ 6800 ፓውንድ ነው የሚፈቀድለት፣ ፓኬጁ ከሌለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንተ ገና ከ7000 በላይ ልትሄድ ነው። ይጎትታል፣ አልክድም። መጎተት ሳይሆን ማቆም ነው ጉዳዩ።

ፍሬን ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ3000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ትሬለር ሕግ ነው። ሁለቱም አክስል የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ፈልግ፣ አንዱ ብቻ ያለው ርካሹ ነው። መኪናህ ውስጥ የፍሬን መቆጣጠሪያ መኖር አለበት፣ ሶኬቱም ባለ ሰባት ፒን።

ሲፈተሽ እንዲህ አድርግ። አንዱን ጎማ በክሪክ አንሳ፣ በእጅህ አሽከርክረው። ከዚያ ትሬለሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሷ የምታስይዘውን ፒን ንቀላት። ጎማው ወዲያው መቆም አለበት። ካልቆመ ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይ ፍሬኑ የለም። አራቱንም ጎማ ሞክር። ክሪኩ ላይ እያለ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፣ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል።

ጎማው ላይ አራት ቁጥር ታገኛለህ። 2319 ካለ የ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። እንደ ፈረንጆቹ። ትሬለር ብዙ ስለሚቆም የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ጎማው ይደርቃል። አምስት ስድስት ዓመት ከሞላው ላዩ አዲስ ቢመስልም የጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ቀንስ።

ዳላስ 77፦

እሺ እሺ፣ ፒኗን እኔም ነቅዬ አላውቅም። ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።

ቆጣቢው፦

ይቅርታ ግን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምታጓጉዘው? ስድስት ጊዜ ከሆነ 1500 ዶላር ነው። ትሬለርና የሚችል መኪና ስትገዛ ምን ያህል ዓመት ነው የሚመለስልህ? ትራክተር ከነትሬለሩ የሚያከራይ መሣሪያ ቤት በየከተማው አለ። ማከራየት ቀርቶ ትራክተሩን ራሱ ለሁለት ቀን እዚያው መሬት ላይ የሚያመጡ አሉ።

የጎመኑ ልጅ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘንድሮ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ብቻ 14 ጊዜ ሄዷል። ደርሶ መልስ እንደ ሁለት ጉዞ ነው የሚቆጠረው፣ ይህን ሳሰላ ራሴም ደነገጥኩ። 3500 ዶላር ማለት ነው። ለዚያ ነው የቸኮልኩት። መኪናን በተመለከተ የአጎቴ ልጅ ኤፍ 150 አለው፣ ለከባድ መጎተቻ የተሟላ ነው ይላል።

አያ ሹፌሩ፦

"ይላል" አትበለኝ። የሹፌሩን በር ክፈትና ጠርዙ ላይ ያለውን ቢጫ ስቲከር አንብብ። ሰውና ጭነት በአንድ ላይ ከስንት ፓውንድ አይበልጥ የሚለውን ቁጥር። ሂቹ ላይ የሚያርፈውም ከዚያ ላይ ይቀነሳል፣ የአንተም የአጎትህ ልጅም ክብደት ይቀነሳል።

ሁለተኛ፣ በግምት አትሂድ። እኛ ትራክ የምንነዳ ሰዎች በየትራክ ስቶፑ ባለው የመኪና ሚዛን፣ ካት ስኬል በሚባለው፣ እንመዘናለን፣ ፒክአፕም ይመዝናሉ። ያ ሰውዬ በሚቀጥለው ሲጭንላችሁ ተከተለውና በጭነቱ አስመዝን፣ አውርዶ ሲመለስ ባዶውን አስመዝን። ልዩነቱ የትራክተርህ እውነተኛ ክብደት ነው። ማኑዋልም እኔም አንዋሽህም ግን ሚዛን ይበልጣል።

የጎመኑ ልጅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፣ ይቅርታ፣ ቃሪያ ለቀማ ላይ ነበርን።

መጀመሪያ 2800 ያለውን ትሬለር አየሁት። ሻጩ ጥሩ ሰው ነበር። ፒኗን ስነቅላት ግን ጎማው መዞሩን ቀጠለ። ሦስቱ ላይ። አራተኛው ሲቆም ኪች የሚል ድምፅ አሰማ። ጎማው ላይ 1114 ይላል። ብየዳው ያልከውን ስንጥቅ አላየሁም፣ ጣውላው ግን ሁለት ቦታ ሰመጠ። አመስግኜ ሄድኩ።

ትራክተሩን አስመዘንን፦ ከነማጨጃው 4920 ፓውንድ! ጎማው ተሞልቶ ነበር፣ ቫልቩን ስጫን ሸሚዜ ላይ ረጨኝ። ርዝመቱ 18 ጫማ ከ7 ኢንች። ስለዚህ አዲስ ባለ 20 ጫማ፣ 9990 ፓውንድ የሆነ ገዛን። 6400 ዶላር። ሻጩን ለምን 10000 አልሆነም ስለው ሕጉ ከ10000 በላይ ሲሆን ስለሚከብድ ሆን ብለው ዝቅ አድርገው ይመዘግቡታል አለኝ፣ ልክ ነው?

አያ ሹፌሩ፦

ልክ ነው። ግን ተጠንቀቅ፣ ለንግድ ከስቴት ስቴት ከተሻገርክ የመኪናውና የትሬለሩ የተመዘገበ ክብደት ተደምሮ ነው የሚታየው። 10001 ከደረሰ የፌዴራል የንግድ መኪና መለያ ቁጥር ማውጣት ይመጣል። አንተ እስካሁን ቨርጂኒያ ውስጥ ነህ፣ የቨርጂኒያንም ደንብ ለራስህ ጠይቅ። ሜሪላንድ ሱቅ መሸጥ ስትጀምር ደግሞ ትሬለሩን ይዘህ ከመሻገርህ በፊት ጠይቀኝ።

ትሬለሩ የሚቆለፍበትን የመኪናውን ኳስ አይተሃል? ይህ ትሬለር 2 ከ5/16 ኢንች ነው የሚፈልገው። የታኮማህ ኳስ 2 ኢንች ከሆነ አትጠቀምበት። ይገባል፣ ይቆለፋል፣ የተያዘ ይመስላል፣ መጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ግን ይነቀላል።

ሰንሰለት 3/8 ኢንች፣ ግሬድ 70 ግዛ። የአንዱ የሥራ አቅም 6600 ፓውንድ ነው። ቀበቶ እርሳው። ከአራቱም ማዕዘን እሰር፣ ሁለቱ ወደፊት ሁለቱ ወደኋላ ይሳቡ። ባልዲውንም ማጨጃውንም ወለሉ ላይ አውርድ፣ ማጨጃውን ለብቻው እሰረው። 20 ወይም 30 ማይል ከሄድክ ቁምና እንደገና አጥብቅ፣ ሰንሰለት መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ይላላል።

የጎመኑ ልጅ፦

አመሰግናለሁ አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ መቆጣጠሪያው ላይ ከ1 እስከ 10 የሚሄድ ቁጥር አለ። ስንት ላይ ላድርገው?

አያ ሹፌሩ፦

ቁጥሩን ከሰው አትቀበል፣ መኪናውና ጭነቱ ነው የሚወስነው። ትራክተሩን ጭነህ ሰው የሌለበት ሰፊ ቦታ ሂድ። በ25 ማይል እየነዳህ የመኪናውን ፍሬን ሳትነካ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን የእጅ ፍሬን ብቻ ሙሉ ጫን። ትሬለሩ ሲይዝህ ሊሰማህ ይገባል። ካልተሰማህ ቁጥሩን ጨምር። ጎማው ተቆልፎ መሬት መፋቅ ከጀመረ ትንሽ ቀንስ፣ እዚያ ላይ ተወው። ባዶውን ስትመለስ ደግሞ ቀንሰው፣ አለበለዚያ በየመብራቱ ይንጥሃል።