ስለ ቤተሰብ የሱስ ሕክምና ችሎት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለዋሽንግተን ዲሲ የሕፃናትና ቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የምንልከው ረቂቅ ሁለተኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ በሱስ ምክንያት ልጆቻቸው የተወሰዱባቸውን ወላጆች በሽማግሌ ያስመክራል፤ ለችሎቱም አስተርጓሚ ያቀርባል።» አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ፦
ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ከሄደ ወላጆቹን ይጎዳል ብዬ እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት ውስጥ 15ቱን በአሳዳጊ ቤት ካሳለፈ፣ መሥሪያ ቤቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዛል። ከሱስ የሚያገግም ሰው ደግሞ ወድቆ የሚነሣ ነው፤ ሕመሙም ቀነ ገደብ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኔቫዳዋ ሬኖ ከተማ የተጀመረው ይህ ዓይነቱ የቤተሰብ የሱስ ሕክምና ችሎት የተፈለገው ለዚሁ ነው፤ ዳኛው ወላጁን ቶሎ ቶሎ እያስቀረበ የምርመራ ውጤቱንና ሕክምናውን ይከታተላል፣ ጠበቃውን፣ ሶሻል ወርከሩንና የሕክምና ባለሙያውንም አብሮ ያሠራል። የእኛ ሰው ግን ገመናው እንዳይወጣ ሲል ይደበቃል፤ ውድ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በዚህ ይባክናሉ። በሰንበቴ የምታገኘው ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ከተቀመጠ፣ አንዲት እናት መጠጣቷን እንዴት አድርጋ ለዳኛ ትናገራለች? አስተርጓሚው ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ ከቤተሰቡ ጋር የማይተዋወቅ ባለሙያ ይሁን። አስፈላጊ ሰነዶችንም በአማርኛ እንጠይቅ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶቹን ይህን ያስገድዳል።

ከሽማግሌዎች ክፍል፦
እህታችን ያሉትን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገርም ልጨምር። አስምሎ መጠጥ ማስጣል በመካከላችን የቆየ ልማድ ነው። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ የሚገባው ሐኪም ካየው በኋላ ይሁን፤ ሥራችንም ዘመድ ማፈላለግ ቢሆን ይሻላል። ያው የፌዴራል ሕግ ልጁ በዘመድ ቤት ካለ መሥሪያ ቤቱ የወላጅነት መብት ማቋረጫ ማመልከቻውን እንዲተው ይፈቅዳል። አክስት ወይም አያት በጊዜ ከቀረቡ ልጁ ከቋንቋውም ከወላጁም አይርቅም፤ ወላጁም ለመታከም ፋታ ያገኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በሁለታችሁ ሐሳብ መሠረት አንቀጹን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «ማኅበሩ ወላጁ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ፣ ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ አንድ አጋዥ ይመድባል፤ አጋዡ ወላጁን ወደ ሕክምናና ወደ ችሎት ያደርሳል፣ ልጁን ለመቀበል ፈቃደኛ የሆኑ ዘመዶችንም ቅጽ በመሙላት ይረዳል። አጋዡ አያስተረጉምም፣ ስለ ወላጁም ለማኅበሩ ሪፖርት አያቀርብም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ የምትቃወሙት ካላችሁ ከመፈረማችን በፊት አሳውቁኝ።