ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ዴክ (ከቤት ጀርባ የሚሠራ በረንዳ) ለማሠራት ስንት ይበቃል? ሦስት ዋጋ ተሰጥቶኝ ግራ ገብቶኛል

የዊተኗ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን አካባቢ ታውንሃውስ ገዝተን ከገባን ሁለት ዓመት ሆነን። ከሳሎኑ በስተኋላ ተንሸራታች የመስታወት በር አለ። በሩን ከፍቶ አንድ እግር ያስቀደመ ግን የሚረግጠው የለም፤ እስከ መሬት ሰባት ጫማ ነው። የቀድሞው ባለቤት አግዳሚ እንጨት ቸንክሮበት ሄዷል። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። በሩ አጠገብ ባየኋት ቁጥር ልቤ ይመታል። እናቴ ደግሞ በግንቦት ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ የትንሿ ልጄን ክርስትናም በሐምሌ እዚሁ ቤት ልናደርግ አስበናል።

የፈለግነው 12 በ16 ጫማ ዴክ ከነደረጃው ነው። ሦስት ኮንትራክተሮች መጥተው አዩት። አንዱ 9,800 ዶላር፣ ሁለተኛው 14,500፣ ሦስተኛው 23,000 አሉኝ። ዴኩ ያው አንድ ዴክ ነው! የትኛውን ልመን? ያሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አናጢው

እህቴ፣ እንኳን ለራስሽ ቤት አበቃሽ። እኔ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም እሠራለሁ።

12 በ16 ማለት 192 ካሬ ጫማ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ በካሬ ጫማ 51 ዶላር፣ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 120 ገደማ ነው ያሉሽ። እኔ በዚህ አካባቢ ከፍ ያለ የእንጨት ዴክ ከነደረጃው፣ ከነፐርሚቱ (ከካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ጋር) ስሠራ ከ65 እስከ 85 ዶላር እጠይቃለሁ። 23,000 ያለሽ ሰው ጣውላውን ከኮምፖዚት (እንጨት መሳይ ሰው ሠራሽ ጣውላ)፣ ሬሊንጉን (የጠርዙን መከላከያ) ከአሉሚኒየም አድርጎ አስቦት ይሆናል። ወረቀቱን እይው።

ሰዎች ስፋቱን ብቻ ያያሉ። ዋጋውን የሚሰቅለው ከፍታው ነው። ሰባት ጫማ ላይ ለመድረስ ደረጃሽ 11 እርከን ገደማ ይኖረዋል፤ በግራም በቀኝም ሬሊንግ ይፈልጋል። ቋሚዎቹ ይረዝማሉ፣ ሠራተኛው መሰላል ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የኋላው ግድግዳ ሳይዲንግ (ስስ የግድግዳ ልባስ) ነው ጡብ?

የጀርመንታውኑ

9,800 ያለሽ ሰውዬ ፐርሚት ያወጣል? መጀመሪያ እሱን ጠይቂው። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው የተቃጠልኩት።

ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ፣ ማለትም አንቺ ያለሽበት፣ የቋሚዎቹ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ኢንች መጥለቅ አለበት። ክረምት ላይ አፈሩ ሲበርድ ያብጣል፣ ጥልቀት የሌለውን ኮንክሪት ወደ ላይ ይገፋዋል። የካውንቲው ኢንስፔክተር (ተቆጣጣሪ) ጉድጓዱን የሚያየው ኮንክሪት ሳይፈስበት ነው። የእኔ ሰውዬ አርብ ከሰዓት ቆፍሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሞልቶት ጠበቀኝ። «ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለኝ። ኢንስፔክተሩ ማክሰኞ መጣ፣ አንገቱን ነቀነቀና ሄደ። በአንዱ ኮንክሪት ጎን ብንቆፍር 17 ኢንች ላይ አለቀ። ስድስቱንም አስነቀልኩ። ሰውዬው ግማሹን ክፍያ አስቀድሞ ወስዶ ስለነበር ስልክ ማንሳት ተወ። ከኪሴ 2,900 ዶላር ተጨማሪ ወጣ።

ሜሪላንድ ላይ የቤት እድሳት ኮንትራክተር ውሉ ሲፈረም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድሚያ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። ያኔ ይህን አላወቅኩም ነበር። ኤምኤችአይሲ የሚባለው የግዛቱ ፈቃድ ቁጥሩም ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብተሽ ማጣራት ትችያለሽ። ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ተዋውለሽ ብትጎጂ ግዛቱ የካሳ ፈንድ አለው፤ ፈቃድ ከሌለው ጋር ከሆነ ግን ፈንዱ አይሸፍንሽም።

የፌርፋክሱ

እኔ በ2021 ከዚህ ያነሰ የእንጨት ዴክ 19,000 አስወጥቶኛል። የዚያን ዓመት ግንቦት የእንጨት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ዋጋ የሚነግርሽ ሰው ቢያስደነግጥሽ አትስሚው።

ወንድሞችና የአጎት ልጆች ካሉሽ ግን ራሳችሁ ብትሠሩትስ? የእንጨቱና የብረቱ ዋጋ ከግማሽ በታች ነው።

አናጢው

ወንድሜ፣ መሬት ላይ የተኛ ዴክ ቢሆን እኔም እንዲሁ እላት ነበር። ሰባት ጫማ ላይ፣ ክርስትና የሚበላበት ዴክ ግን መለማመጃ አይደለም። መመሪያው በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ እንዲሸከም ነው የሚያዝዘው። ለእሷ ዴክ ይህ 7,680 ፓውንድ ይሆናል፤ በደንብ ከተሠራ ከ40 ሰው በላይ ይችላል። ዴክ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ከቤቱ ጋር የተያያዘበት እንጨት ነው። በምስማር ብቻ የተመታ ከሆነ ዓመታት ቆሞ አንድ ቀን፣ ሰው በሞላበት ቀን፣ ይላቀቃል።

የዊተኗ

አናጢው፣ ግድግዳው ጡብ ነው። ችግር አለው?

አናጢው

አለው። በእነዚህ ታውንሃውሶች ላይ ጡቡ ልባስ ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ክብደት አይሸከምም። ቨርጂኒያ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ በዴክ መመሪያው ላይ ጡብ ላይ ማሰርን በግልጽ ይከለክላል፤ እኔ ሜሪላንድ ላይም አላስረውም። ዴኩ ከቤቱ ሳይደገፍ በራሱ እግር ይቁም። ይህ ማለት በግድግዳው በኩልም ሌላ ረድፍ ቋሚ ይጨመራል። እዚያ ያለው አፈር ቤቱ ሲሠራ ተቆፍሮ የተመለሰ ልቅ አፈር ነው፤ ያልተነካው እስኪገኝ ጠለቅ ብሎ መቆፈር ይጠይቃል። ሦስቱም ይህንን ማሰባቸውን ጠይቂያቸው።

ደግሞ የሚቆፍረው ሰው ራሱ 811 ይደውል። ነፃ ነው። መጥተው ከመሬት በታች ያለው መስመር የት እንደሆነ በቀለም ያመለክታሉ፤ ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ መብራት ነው።

ቡና አፍይ

ለእናትሽ ቡና ከሆነ ይህን ስሚኝ። ኮምፖዚት የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ ድብልቅ ነው። እኛ ጋ ትሬክስ ነው የተነጠፈው፤ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዊንቸስተር ያለው ኩባንያ። አይበሰብስም፣ ቀለም አይጠይቅም፣ ወድጄዋለሁ። ግን ባለፈው ፋሲካ ከሰሉን ሳራግብ አንዲት ፍም ከማንደጃው ዘለለች። በጀበና መክደኛ ገፋ እስካደርጋት ድረስ ጣውላውን የአንድ ኳርተር ሳንቲም ያህል አቅልጣ ተጨማድዶ ቀርቷል። ጣት ሲነካው ይሻክራል፤ እስካሁን በስጋጃ እሸፍነዋለሁ። አሁን ማንደጃውን የማኖረው ወፍራም ሴራሚክ ንጣፍ ላይ ነው፣ አጠገቡም አንድ ጣሳ ውሃ አላጣም። ጠቆር ያለውን ቀለም ደግሞ አትምረጪ፤ በፀሐይ ስለሚግል ሐምሌ ላይ ልጅ በባዶ እግሩ አይረግጠውም።

የዊተኗ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ሦስቱም ጋ ደወልኩ። የ9,800ው «ፐርሚት አያስፈልግም፣ ጡቡ ላይ እናስረዋለን» አለኝ፤ ተውኩት። የ23,000ው እንደተባለው ኮምፖዚት ነው። የ14,500ው የፈቃድ ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጽፎታል፣ አጣራሁት፣ ትክክል ነው። ፐርሚቱን እሱ ያወጣል። በግድግዳው በኩል ለሚጨመሩት ቋሚዎች 1,600 ጨምሮ 16,100 አለኝ። እንጨት ይሁን ብለናል። ቅድሚያ 5,000 ተስማማን።

አንድ የቀረኝ፦ ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ፈቃድ ለመስጠት 45 ቀን ይወስዳል ተባልኩ። ፐርሚቱን ከእሱ በፊት ማስገባት ይቻላል?

የጀርመንታውኑ

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ካውንቲው ቢፈቅድልሽም ኤችኦኤው ሊከለክልሽ ይችላል። እኔ ብሆን የኤችኦኤውን ዛሬ ማታ እልካለሁ፤ የሬሊንግ ቀለም እንኳ ቢያስቀይሩሽ ሥዕሉ እንደገና መሠራቱ ነው።

የዊተኗ

ፎርሙን አሁን እየሞላሁ ነው። በሩ ላይ ያለውን አግዳሚ ግን ሬሊንጉ አልቆ ኢንስፔክተሩ እስኪፈርም ድረስ እንዳይነቅሉት ነግሬያቸዋለሁ።