ዳታ ለሚቆጥብና ፎርም ለሚሞላ፦ የትኛው ብሮውዘር ይሻላል?

«የትኛውን ብሮውዘር ልጠቀም?» ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ንገሩኝ። ለዜና ማንበቢያና ለፎርም መሙያ አንድ ዓይነት አልመክርም።

ካርድ ሊያልቅ ሲል እኔ ዛሬም የምከፍተው ኦፔራ ሚኒን ነው። ገጹን ራሱ ሰርቨር (ሩቅ ያለ የኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ አዘጋጅቶ፣ ጨምቆ ስለሚልከው ኔትወርክ ደካማ ሲሆንም ቶሎ ይመጣል። ግን «ኤክስትሪም» የሚባለው ሞድ ላይ ጃቫስክሪፕቱ (ቁልፍና ፎርም የሚያንቀሳቅሰው የገጹ ፕሮግራም) የሚሠራው ስልካችሁ ላይ ሳይሆን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ፎርም የሚያበላሸው። አንዴ የኦንላይን ማመልከቻ ሦስት ገጽ ሙሉ ሞልቼ «ላክ» የሚለው ቁልፍ እንቢ አለኝ፤ ኔትወርክ መስሎኝ ደጋግሜ ነካሁት፣ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ያን ዕለት ነበር። ክሮም ላይ እንደ አዲስ ሞልቼው ወዲያው ሄደልኝ። የባንክ ፓስወርድም በዚያ ሞድ አታስገቡ፤ ገጹ በመሀል ሰርቨሩ ላይ ስለሚከፈት።

ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔት፣ የኮምፒውተሩ ኦፔራ ሁሉም ገጹን የሚስሉት ብሊንክ በሚባል አንድ ኤንጂን ነው። ስለዚህ ክሮም ላይ ተዘበራርቆ የመጣ ገጽ ኤጅ ላይ ይስተካከላል ብላችሁ አትድከሙ። መሞከር ያለባችሁ ፋየርፎክስን ነው፤ የእሱ ኤንጂን ጌኮ ነው። የሳፋሪው፣ ማለትም የአፕሉ ብሮውዘር፣ ዌብኪት ይባላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ አይፎን ይዞ ከመጣላችሁ፣ ክሮም ብትጭኑበትም ከሥሩ ያለው ያው ዌብኪት ነው።

ስታንዳርድ (ገጽ እንዴት መታየትና መሥራት እንዳለበት የሚወስነውን የጋራ ደንብ) ማክበር ላይ የብሮውዘሮቹ ልዩነት በጣም ጠቧል። ድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አሲድ3 በሚባል የስታንዳርድ ፈተና የትኛው ብሮውዘር ከ100 ስንት አመጣ እያልን እንከራከር ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና የፋየርፎክሱ ሞዚላ ኢንተሮፕ በሚባል ሥራ ላይ በየዓመቱ የሚያስተካክሉትን አብረው ይመርጣሉ። ዛሬ ገጽ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ጥፋት ሠሪው ክሮም ላይ ብቻ ሞክሮ መልቀቁን ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ዌብሳይት የምትሠሩ፣ እባካችሁ ፋየርፎክስ ላይም አንዴ ክፈቱት! ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ የሚቆጥር የግዕዝ ቁጥርም የሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ስታንዳርድ ውስጥ ስላለ በእጅ እየጻፋችሁ አትልፉ።

የብሮውዘርን ፍጥነት ለመለካት ስፒዶሜትር 3 የሚባል፣ ብሮውዘሩ ላይ ከፍታችሁ የምታስኬዱት የፈተና ገጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው፣ የሦስቱም ኤንጂን ባለቤቶች አብረው ሠርተውታል። ሌላውን ታብ ሁሉ ዘግታችሁ፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ በየብሮውዘሩ ደጋግማችሁ አስኪዱት። የሰው ውጤት አትመኑ፣ የእናንተ ማሽን ሌላ ነው። እኔ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፔ ስሞክረው ክሮም ትንሽ ቀደመ። ማስታወቂያ የሞላበት የዜና ገጽ ስከፍት ግን ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ የጫንኩበት ፋየርፎክስ በግልጽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ማስታወቂያ ጭራሽ አይወርድም፣ ዳታዬም አይበላም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ፋየርፎክስም ዩብሎክን ይቀበላል።

ስልካችሁ 2 ጊጋ ራም ከሆነ ግን ፋየርፎክስ ይከብደዋል። ለማንበብ ኦፔራ ሚኒ፣ ለፎርም ክሮም ያዙ። ያልተከፈተላችሁ ገጽ ካለ የስልኩን ሞዴልና የብሮውዘሩን ቨርዥን ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።