የሩሲያ ሰዎች ስም ለምንድነው ሁሉም «ኦቭ» ብሎ የሚያልቀው?

ቲኬት ቆራጯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ሩሲያዊ ባልና ሚስት ላሊበላ ደርሰው ለመመለስ ቲኬት አዘዙኝ። ትክክለኛ ስማቸውን ልተወውና ኢቫኖቭ ልበላቸው። ስማቸውን በቴሌግራም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ላኩ። የባልየው «ኢቫኖቭ»፣ የሚስትየዋ «ኢቫኖቫ»። እኔ ብልጧ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኤ» ሲጽፉ ጣታቸው ያንሸራተታት መሰለኝና አጠፋኋት። ባልና ሚስት አይደሉም እንዴ?

በበረራው ቀን ከማለዳው ስልኬ ጮኸ። ቲኬቱ ከሴትየዋ ፓስፖርት ጋር አልገጠመም። እስኪስተካከል ነፍሴ ወጣች፤ ማስተካከያውንም ከኪሴ ከፈልኩ።

አሁን ጥያቄዬ፦ ይሄ «ኦቭ» ምንድነው? ጎርባቾቭ፣ ክሩስቾቭ፣ ካላሽኒኮቭ። ዘመዳሞች ናቸው? ሴቷስ ለምን ትለያለች?

የቮሮኔዥ ተማሪ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ያንቺ በአንዲት ፊደል አልፏል። እኔ በ1976 ዓ.ም. ለምህንድስና ትምህርት ቮሮኔዥ የምትባል የሩሲያ ከተማ ስገባ፣ የመምህራኖቻችን ስም በር ላይ ተለጥፎ አየሁ። ኦቭ፣ ኦቫ፣ ኦቭ፣ ኢና፣ ኦቫ። አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሊያስተምረን ነው ብዬ ለጓደኛዬ ነገርኩት። እሱም አመነኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት «ፖድፋክ» በሚሉት፣ የውጭ ተማሪዎች ሩሲያኛ በሚማሩበት ክፍል ነው ያሳለፍነው። የቋንቋ አስተማሪያችን አንድ ቀን ጃንጥላ ይዛ ገባች። ከፍ አደረገችውና «ቼይ?» አለች። የማን ነው? ማለት ነው። ራሷ መለሰች፤ «ማሚን ዞንቲክ»፣ የእማማ ጃንጥላ። ቀጥላ የእጅ ቦርሳ አነሳች። አሁን «ማሚና ሱምካ» ሆነ። እማማ ያው እማማ ናት፤ ግን ጃንጥላ በእነሱ ቋንቋ ወንድ ነው፣ ቦርሳ ሴት ናት። ጾታውን የሚወስነው ባለቤቱ ሳይሆን ንብረቱ ነው።

ያንቺ ኢቫኖቭም እንደዚሁ ነው። «ኦቭ» ማለት የእኛ «የ» ናት። እኛ ከፊት እናስቀምጣታለን፣ እነሱ ከኋላ ይቀጥሏታል። ኢቫኖቭ «የኢቫን» ነው። የኢቫን ልጅ ወንድ ከሆነ ኢቫኖቭ፣ ሴት ከሆነች ኢቫኖቫ። ሚስትም ስትገባ «የኢቫን» የሆነች ሴት ናትና ኢቫኖቫ ትሆናለች። አንቺ «ኤ»ዋን ስታጠፊ ሴትየዋን ወንድ አደረግሻት።

ጥንት የእነሱም አሰያየም ከእኛ ብዙ አይርቅም ነበር። ሰውየው ኢቫን፣ አባቱ ፔትር ከሆነ «ኢቫን ፔትሮቭ ሲን» ይባላል፤ ኢቫን የፔትር ልጅ። የእኛ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። የእነሱ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመና የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። መኳንንቱ ቀድመው ነው የያዙት። ብዙው ገበሬ ግን መደበኛ የቤተሰብ ስም ያገኘው በ1861 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የገባርነት ሥርዓት ከቀረ በኋላ ነው።

ሁሉም ከሰው ስም የመጣ እንዳይመስልሽ። ቅጽል ስምም፣ ሙያም አለበት። ኩዝኔትሶቭ የብረት ቀጥቃጩ ነው። ፖፖቭ የቄሱ። ቮልኮቭ የተኩላ፣ ሜድቬዴቭ የድብ። ጎርባቾቭ ከጎባጣ ሰው ነው የመጣው፣ ክሩስቾቭ ከጢንዚዛ። ያን ሁሉ ዓመት ዓለምን ያንቀጠቀጠው የሶቪየት መሪ ስሙ «የጢንዚዛ» መሆኑን ስሰማ ዶርም ውስጥ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

ቃሉ በ«አ» ካለቀ ደግሞ «ኢን» ይከተለዋል። ኒኪታ፣ ኒኪቲን። ጋጋራ የምትባል የውሃ ወፍ አለች፤ ጋጋሪን ከእሷ ነው። «ፑሽካ» መድፍ ነው፤ ስለዚህ ሳርቤት ያለው ፑሽኪን አደባባይ ሲተረጎም የመድፍ አደባባይ ነው። በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አርሴ እስከሞት፦

ጥሩ ትንታኔ ነው። ግን ኳስ ተጫዋቹ በርባቶቭ ሩሲያዊ ነበር እንዴ? ሸቭቼንኮና ዚንቼንኮስ ለምን «ኦቭ» የላቸውም? የቀድሞው የቼልሲ ባለቤት አብራሞቪችስ? እኛ በ2009 አንፊልድ ላይ አራት ያገባውን አርሻቪንን ብቻ ነው የምናውቀው።

የቮሮኔዥ ተማሪ፦

ጎበዝ፣ ኳስ ካልገባበት አትሰሙም። በርባቶቭ ቡልጋሪያዊ ነው። «ኦቭ» የሩሲያ ብቻ አይደለችም፣ ቡልጋሪያም አለች። በሶቪየት ዘመን ደግሞ በሙስሊም ስሞች ላይ ሁሉ ተለጥፋለች። ካሪሞቭ፣ አሊዬቭ፤ ካሪምና አሊ ናቸው፣ ጅራት የተቀጠለላቸው። የታጂኪስታኑ ፕሬዚዳንት ራህሞኖቭ የነበረውን ስማቸውን በ2007 ጅራቱን ቆርጠው ራህሞን አደረጉት።

«ኤንኮ» የዩክሬን ናት። ወንዱም ሴቷም እኩል ይጠሩባታል፣ ፊደል አይጨመርም። ቲኬት ቆራጯ፣ ይቺን ያዢያት። «ስኪ» ብዙ ጊዜ ከቦታ ነው የምትመጣው። የደራሲው ዶስቶየቭስኪ ስም አሁን ቤላሩስ ውስጥ ካለ ዶስቶዬቮ ከሚባል መንደር ነው፤ ጎንደሬ፣ ጎጃሜ እንደምንለው። እሷ ግን ለሴት «ስካያ» ትሆናለች።

አብራሞቪች ላይ ልክ ነህ፣ ግራ ያጋባል። «ኦቪች» በተለምዶ የአባት ስም ነው፤ በስምና በቤተሰብ ስም መሀል ይገባል። ሚኻይል ሰርጌዬቪች ጎርባቾቭ፤ አባቱ ሰርጌይ ነው። ለሴት «ኦቭና» ይባላል። ለአብራሞቪች ግን የቤተሰቡ ስም ሆኗል፣ የአባቱ ሌላ ነው፤ ሮማን አርካዲዬቪች አብራሞቪች።

የዶርማችን ኃላፊ የአባቴ ስም ታደሰ መሆኑን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ «ታደሶቪች» ነበር የሚሉኝ። በዕድሜ ለሚበልጥ፣ ለአስተማሪ፣ ለአለቃ ስምና የአባት ስም አብሮ መጥራት አክብሮት ነው፤ እኛ ጋሼ፣ እትዬ የምንለውን እነሱ በዚህ ነው የሚሉት። ልጅ ሆኜ «ታደሶቪች» ስባል ሽማግሌ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከሩሲያዊው ገጣሚ ፑሽኪን ጋር ያለንን ዝምድና ስለምታነሱ ይቺንም ልጨምር። ቅድመ አያቱ አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል ይባላል። ከኛ ምድር ነው፣ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። «ፔትሮቪች» የተባለው ግን አባቱ ፔትር ስለሆነ አይደለም። የክርስትና አባቱ ዛር ጴጥሮስ ስለሆኑ ነው። ጋኒባል ደግሞ «ኦቭ»ም «ኢን»ም የለውም። ስለዚህ የፑሽኪን እናት ከማግባቷ በፊት ናዴዥዳ ጋኒባል ነበረች እንጂ ጋኒባሎቫ አልነበረችም። የባዕድ ስም በተናባቢ ካለቀ ለሴት አይቀየርም።

ከናታንያ፦

ጋሼ፣ እዚህ እስራኤል የሩሲያው «ኒክ» ዕብራይስጡ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ከኪቡጽ የሆነ «ኪቡጽኒክ»፣ ለተጠባባቂ ጦር የሚጠራ «ሚሉኢምኒክ»፣ ሠራዊት ገብቶ ቢሮ የሚቀመጥ ወታደር «ጆብኒክ»። ታናሽ ወንድሜ ጆብኒክ ነበር፤ እስካሁን እንሰድበዋለን። ከሩሲያ የመጣች ጎረቤቴ ደግሞ ልጇን ስታስመዘግብ በአባቷ ስም ያለ «አ» ጻፉባት። ሴትየዋ «ልጄ ወንድ ሆነች» እያለች ስታለቅስ እኔ የማጽናናት መስሎኝ «ስም ነው እኮ» አልኳት። ዛሬ ነው የገባኝ።

የቮሮኔዥ ተማሪ፦

የናታንያዋ፣ ለወንድምሽ ይቅር በይው። «ኒክ» የእኛ «ኛ» ናት፤ ፈረሰኛ፣ መንገደኛ እንደምንለው። በ1957 የተተኮሰችው ስፑትኒክ እኮ ትርጉሟ ይኸው ነው። «ስ» አብሮ፣ «ፑት» መንገድ፣ «ኒክ» ኛ። የመንገድ ጓደኛ።

አሁን የመጀመሪያዋን ጠያቂ ካላሽኒኮቭ ልመልስ። «ካላች» በቀለበት መልክ የሚጋገር ነጭ ዳቦ ነው። እሱን የሚጋግር «ካላሽኒክ»። የእሱ ቤተሰብ «ካላሽኒኮቭ»። ኒክም ኦቭም አንድ ላይ ገብተውበታል። በእኛ አገር በየሠርጉ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ክላሽ፣ ስሙ የዳቦ ጋጋሪው ነው።

አንድ ነገር ረሳሁ። ሩሲያዎቹ ሲናገሩ መጨረሻዋን «ቭ» አይሏትም፣ «ፍ» ነው የምትሰማው፤ ኢቫኖፍ። በቮድካ ጠርሙስ ላይ ስሚርኖፍ ተብሎ የተጻፈው ለዚያ ነው። «ጎርባቾቭ» የሚለው አጻጻፋችን ግን ከእንግሊዞቹ «ጎርባቼቭ» ይሻላል። ሩሲያዎቹ ራሳቸው «ቾ» ነው የሚሉት፤ ከፊደሉ በላይ ያሉትን ሁለት ነጠብጣቦች ሲጽፉ ስለሚተዉአቸው ነው ፈረንጁ «ቼ» ያለው።

ቲኬት ቆራጯ፦

ጋሼ ታደሶቪች፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ጠዋት ወደ አክሱም የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ስም መጣልኝ። ወንድና ሴት፣ ሁለቱም በ«ኤንኮ» ያልቃሉ። ሴቷ ላይ «ኤ» ልጨምርላት እጄ ተነስቶ ነበር፤ መልሼ አወረድኩት። ለማንኛውም የፓስፖርታቸውን ፎቶ ላኩልኝ ብያለሁ።